ተማሪነቱን የሚያውቅ ሥራ

በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣት በአብዛኛው የትምህርት ክፍያውን አስቀድሞ ከኪሱ ሳያወጣ መመዝገብ ቢችልም፣ ተማሪ ሆኖ ለመክረም የሚያስፈልገው ጥሬ ገንዘብ ግን በየዕለቱ የሚፈለግ ነው። በአዲስ አበባ ከጀሞ ኮንዶሚኒየም ተነስቶ ስድስት ኪሎ ለሚመላለስ ተማሪ የመጀመሪያው ወጪ ሜክሲኮ የሚያደርሰው ታክሲ ነው፤ ከሜክሲኮ ወደ አራት ኪሎና ከዚያም ወዲያ ሌላ ታክሲ ወይም አውቶቡስ ይጠብቀዋል፤ ማታም ያው መንገድ በተገላቢጦሽ ይደገማል። በዚህ ላይ ምሳ፣ የሀንድአውት ፎቶ ኮፒ፣ የኢንተርኔት ጥቅልና ዛሬ ዛሬ ያለእሱ የመመረቂያ ጽሑፍ መሥራት የማይታሰበው ላፕቶፕ ሲደመሩ፣ ወላጆቹ በቀን ሥራ ወይም በጉሊት ንግድ የሚተዳደሩ ተማሪ ትምህርቱን የሚያቋርጠው ትምህርቱ ከብዶት ሳይሆን ይህን የዕለት ወጪ የሚሸፍንበት አጥቶ ሊሆን ይችላል።

ይህን ችግር ለማቃለል በልዩ ልዩ አገሮች ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ ለችግረኛ ተማሪ የሚሰጥ የግቢ ሥራ ነው። የግቢ ሥራ ሲባል ተማሪው በሚማርበት ተቋም ውስጥ፣ ማለትም በቤተ መጻሕፍት፣ በቤተ ሙከራ፣ በሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት፣ በምግብ ቤት ወይም በኮምፒዩተር ክፍል በሳምንት ጥቂት ሰዓታት ሠርቶ ክፍያ የሚያገኝበት ሥርዓት ሲሆን፣ ለችግረኛ የተባለውም ቅድሚያው የሚሰጠው በውጤት ብልጫ ወይም በትውውቅ ሳይሆን የቤተሰብ የገቢ አቅም ተመዝኖ በመሆኑ ነው። ሥርዓቱ ከነጻ ድጎማ የሚለየው ተማሪው ገንዘቡን ሠርቶ ስለሚያገኘው ነው፤ ከተራ ቅጥር የሚለየው ደግሞ አሠሪው የተቀጠረው ሰው ተማሪ መሆኑን፣ ፈተናው መቼ እንደሆነና የትኛው ሰዓት የክፍል ሰዓቱ እንደሆነ አውቆ የሚቀጥረው በመሆኑ ነው። ሁለተኛው ልዩነት ከመጀመሪያው የበለጠ ክብደት አለው፤ በኢትዮጵያ ሠርተው ከሚማሩ ወጣቶች አብዛኞቹ ያጡትም ይህንኑ ነው።

ሐሳቡ በሕግ ደረጃ ጎልቶ የወጣው በዩናይትድ ስቴትስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በድህነት ላይ የከፈቱት ዘመቻ አካል ሆኖ የወጣው ሕግ ለችግረኛ የኮሌጅ ተማሪዎች የሥራ መርሐ ግብር አቋቋመ። ጆንሰን ራሳቸው በቴክሳስ ሳን ማርከስ ከተማ የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ በነበሩበት ጊዜ የግቢው ጽዳት ሠራተኛ፣ ኋላም በኮሌጁ ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት ረዳት ሆነው እየሠሩ የተማሩ ሰው ነበሩ። በመርሐ ግብሩ የተማሪውን ደመወዝ አብዛኛውን እጅ፣ እንደ ደንቡ እስከ 75 በመቶ የሚሆነውን፣ የፌዴራል መንግሥቱ ሲሸፍን ቀሪውን ተቋሙ ይከፍላል። ከዚያም ቀደም ብሎ በኬንተኪ የሚገኘው የቤርያ ኮሌጅ ከተማሪዎቹ የትምህርት ክፍያ ሳይቀበል፣ ይልቁንም እያንዳንዱ ተማሪ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት በግቢው እንዲሠራ ያደርግ ነበር፤ ይህ ልማዱ እስከ ዛሬ ዘልቋል። በጎረቤት ኬንያም የኬንያታ ዩኒቨርሲቲ ለችግረኛ ተማሪዎች ተመሳሳይ የሥራ መርሐ ግብር አለው፤ ስለዚህ ሐሳቡን የሀብታም አገር ቅንጦት አድርጎ መመልከት አይቻልም።

በኢትዮጵያ ትምህርትና ሥራ ተቆራኝተው የኖሩት ከዘመናዊው ትምህርት በፊት ነው። በጎጃምና በጎንደር የአብነት ትምህርት ቤቶች የቆሎ ተማሪው ቁራሽ ለምኖ ከመብላቱ ሌላ ለየኔታ ውኃ ይቀዳ፣ እንጨት ይለቅም፣ በእርሻ ወራት ማሳቸውን ያርም ነበር፤ የኔታም የሥራውንና የትምህርቱን ሰዓት የሚደለድሉት ራሳቸው በመሆናቸው አንዱ ሌላውን አያጠፋውም ነበር። በ1943 ዓ.ም የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅና በ1954 ዓ.ም የተካው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ግን ብዙ ተማሪዎችን ምግብና መኝታ ችለው ስላስተማሩ፣ ተማሪ ለኑሮው ይሠራል የሚለው ሐሳብ ብዙ ቦታ አልነበረውም። በ1957 ዓ.ም የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ፣ ብዙውን ጊዜም በመምህርነት፣ እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር። ያ አገልግሎት የተመሠረተው ለአገር በሚከፈል ውለታ ላይ እንጂ በተማሪው ችግር ላይ አልነበረም፤ ሆኖም አንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎቹን ሥራና ትምህርት በአንድ የጊዜ ሰሌዳ አስማምቶ መምራት እንደሚችል በተግባር አሳይቷል።

ከ1996 ዓ.ም የትምህርት ዘመን ጀምሮ ነጻው ትምህርት በወጪ መጋራት ሥርዓት ተተካ። ተማሪዎች ኮስት ሼሪንግ በሚል የሚያውቁት ይህ ሥርዓት፣ ሲጀመር በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 መሠረት፣ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ እንዲሁም ከትምህርቱ ወጪ ቢያንስ 15 በመቶ እንዲጋራና ዕዳውንም ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ እንዲከፍል ያደርጋል። ሥርዓቱ አስተዋይነት አለው፤ ድሃውን ተማሪ በር ላይ አይመልሰውም። ጉድለቱ የክፍያውን ጊዜ ወደ ፊት ቢያስተላልፍም የዛሬውን የኪስ ገንዘብ ችግር አለመንካቱ ነው። በ2017 ዓ.ም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የቀን የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ መደረጉ የማዕዱን ችግር ለማቃለል የተወሰደ እርምጃ ነው፤ ታክሲው፣ ፎቶ ኮፒውና ላፕቶፑ ግን እንደ ድሮው የተማሪው ናቸው። ወደ ግል ኮሌጅ የገባ ተማሪ ደግሞ ወጪ መጋራት የሚባል መጠለያ ስለሌለው ወርሃዊ ወይም የሴሚስተር ክፍያውን ጭምር ከሌላ ቦታ ማምጣት አለበት።

ይህ ክፍተት በጀሞ መንደሮች በግልጽ ይታያል። ጀሞ በ1996 ዓ.ም የተጀመረው የከተማዋ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር ካስገኛቸው ትልልቅ መንደሮች አንዱ ሲሆን፣ ጀሞ አንድ፣ ሁለትና ሦስት እየተባለ በሚታወቀው በዚህ ሰፈር የመንግሥት ሠራተኛው፣ ነጋዴውና ቤት ተከራይቶ የሚኖረው ተማሪ በአንድ ደረጃ ይወጣሉ ይወርዳሉ። ከትምህርት ቤት መውጫ በኋላ ደብተር ይዞ ከአንዱ ብሎክ ወደ ሌላው የሚሻገር፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ እስከ አራተኛ ፎቅ የሚወጣ ወጣት በብዛት አስጠኚ ነው። ቤት ለቤት ማስጠናት የከተማው ተማሪ ዋነኛ ሥራ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም፤ አባትና እናት ሁለቱም ሥራ ውለው ማታ የሚገቡበት፣ ልጁ በግል ትምህርት ቤት የሚማርበት ቤት ከሥራ ሰዓት ውጪ የሚመጣ፣ ሒሳብና እንግሊዝኛ የሚችል፣ ዋጋውም ከመምህር የሚቀንስ ሰው ይፈልጋል፤ ተማሪውም የሚሸጠው ትርፍ ሰዓት ያለው በዚያው ጊዜ ነው።

የአስጠኚው ሥራ የሚጀምረው ከልጁ ቦርሳ ከሚወጣው ኮሙዩኒኬሽን ቡክ ነው። መምህሩ የዕለቱን የቤት ሥራና የፈተና ቀን ጽፎ ወላጅ እንዲፈርምበት የሚልከው ይህ ደብተር ለአስጠኚው የሥራ ትእዛዝ ነው፤ ወርክሺቱ ይሠራል፣ ያልገባው ምዕራፍ ይከለሳል፣ ለነገ የተባለው የቃላት ፈተና ይሸመደዳል። ልምድ ያለው አስጠኚ ግን የቤት ሥራውን ለልጁ አይሠራለትም፤ ቤተሰቡ በመጀመሪያው ወር ያለቀ ደብተር አይቶ ቢደሰትም፣ የሚቀጥለው የትምህርት ቤት ፈተና ውጤት ሲመጣ እውነቱ ስለሚወጣ አስጠኚው የሚሰናበተው ያን ጊዜ ነው። የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ያለው ቤት፣ በተለምዶ ሚኒስትሪ የሚባለው ፈተና ስለሚጠብቀው፣ አስጠኚውን ዓመቱን ሙሉ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ቤት የሰፋ ነው።

ተማሪዎች ይህን ሥራ የሚያገኙበት መንገድ ብዙውን ጊዜ ሰው ነው። አንድ ቤተሰብ ሌላውን ቤተሰብ ይጠቁማል፤ ተመርቆ የሚወጣ ተማሪ ቤቱን ለታናሹ ያስረክባል፤ በብሎኩ መግቢያና በሱቅ በር ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያና የቴሌግራም ቻናልም አሉ። በደላላ ወይም በአስጠኚ አገናኝ በኩል የሚገኝ ሥራ ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ድርሻ ስለሚቆረጥበት፣ ድርሻው ስንት እንደሆነና ቤተሰቡ በሁለተኛው ሳምንት ሐሳቡን ቢቀይር ምን እንደሚሆን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ገና ሥራ ሳይሰጥ የመመዝገቢያ ወይም የፎርም ገንዘብ የሚጠይቅ ማንኛውም ሰው ግን ሥራ ሰጪ ሊባል አይገባውም። ለሴት ተማሪዎች ደግሞ የመጀመሪያውን ቀን ከጓደኛ ጋር መሄድ፣ አድራሻውን ለቤተሰብ መንገርና ወላጅ በሌለበት ቤት ለማስጠናት አለመስማማት ከክፍያ ድርድር በፊት የሚመጡ ጉዳዮች ናቸው።

ከማስጠናት ውጪ ያለው ሥራ ሰፊ ቢሆንም ለተማሪ እምብዛም አይመችም። የካፌ አስተናጋጅነትና የሱቅ ሽያጭ ፈረቃ አላቸው፤ ፈረቃውን የሚያወጣው ሥራ አስኪያጅ የተማሪውን የሚድ ፈተና አያውቀውም። ገንዘብ የሚነካ ሥራ፣ ለምሳሌ ካሸርነት፣ ተያዥ ይጠይቃል፤ ማለትም ጉድለት ቢገኝ የሚከፍል፣ ደመወዝተኛ የሆነ ዋስ ማቅረብ ግዴታ ነው፤ ከክፍለ ሀገር መጥቶ በጀሞ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ያመጣል? የኮንዶሚኒየም ጥበቃ በማታው ክፍለ ጊዜ ለሚማሩት አስቸጋሪ ቢሆንም ቀን ለሚማሩት ክፍት ሆኖ ስለሚታያቸው ብዙዎች ይገቡበታል። ሌሊቱን በጥበቃ አሳልፎ ጠዋት ሁለት ሰዓት ክፍል የሚገባ ተማሪ ለጥቂት ሳምንታት ይችለዋል፤ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ግን እንቅልፍ ዕዳውን ሳያስከፍለው አይቀርም።

ሥራን ከማግኘት ይልቅ ማቆየት የሚከብደው በሰዓት ስሌት ምክንያት ነው። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ጫና የሚለካበት ኢሲቲኤስ የተባለው የነጥብ አሠራር፣ ከአውሮፓ እንደተወሰደ፣ ለአንድ ነጥብ ከ25 እስከ 30 የሥራ ሰዓት ያስባል፤ ይህም ክፍል ውስጥ የሚቀመጡበትን፣ ቤተ ሙከራውንና የግል ንባቡን ይጨምራል። በአንድ ሴሚስተር 30 ነጥብ የወሰደ ተማሪ ከ750 እስከ 900 ሰዓት መሥራት አለበት ማለት ነው፤ ለ16 ሳምንታት ሲካፈል በሳምንት ከ47 እስከ 56 ሰዓት ይደርሳል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአንድ ሠራተኛ የሚፈቅደው መደበኛ የሥራ ጊዜ በሳምንት 48 ሰዓት በመሆኑ፣ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ገና ምንም ሳይቀጠር በሕግ የተወሰነውን የሠራተኛ ሳምንት ሞልቷል። ከዚህ በኋላ 10 ወይም 12 ሰዓት መጨመር ይቻል ይሆናል፤ 20 እና 30 ሰዓት የሚጨምር ተማሪ ግን የሚቀንሰው ከንባቡ ወይም ከእንቅልፉ ነው። የጀሞ ነዋሪ ከሆነ ደግሞ በታክሲ ሰልፍና በመንገድ መጨናነቅ የሚያልፈው ጊዜ ከዚሁ ላይ ይታሰባል፤ ስለዚህ በእግር የሚደርሱበት የሰፈር ሥራ፣ ክፍያው አነስ ቢልም፣ መገናኛ ወይም ቦሌ ካለ የተሻለ ክፍያ ሊበልጥ ይችላል።

አስጠኚነትም ቢሆን የራሱ ወጥመድ አለው። የልጆቹ የሴሚስተር ፈተና በጥርና በሰኔ አካባቢ ይውላል፤ የአስጠኚው የራሱ ፈተናም በነዚሁ ወራት ወይም በአቅራቢያቸው ይውላል፤ ቤተሰቡ ተጨማሪ ቀናት የሚጠይቀው አስጠኚው ለራሱ በሚቸገርበት ሳምንት ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ልጆቹ ስለሚያርፉ ገቢው ይቋረጣል። ይህን አስቀድመው የሚያስቡ አስጠኚዎች መስከረም ላይ፣ ገና ሲስማሙ፣ የራሳቸውን የፈተና ሳምንት ለወላጅ ተናግረው በፊቱ ባሉት ቅዳሜዎች ለማካካስ ይዋዋላሉ፤ ይህን ስምምነት በአንድ ገጽ ጽፎ የሳምንቱን ቀናት፣ ሰዓቱን፣ የወሩን ክፍያና የሚከፈልበትን ቀን አስፍሮ ሁለቱም ወገኖች ቢፈርሙበት ደግሞ ይበልጥ ይጸናል። ጽሑፉ የሚያስፈልገው አለመተማመን ስላለ አይደለም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ስለማይሸፍን፣ በሰው ቤት የሚሠራ አስጠኚ በዋናነት የሚመለስበት ያው ስምምነቱ ስለሆነ ነው።

በድርጅት የሚቀጠር ተማሪ ግን አዋጁ ይደርስለታል። የሥራ ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ዋና ዋና ነጥቦች የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ የሙከራ ጊዜውም ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። የትምህርት ፈቃድን በተመለከተ ግን አዋጁ ዝርዝሩን ለኅብረት ስምምነትና ለሥራ ደንብ ትቶታል፤ ስለዚህ ለፈተና የሚሰጥ ፈቃድ በሕግ የተረጋገጠ መብት ነው ብሎ የሚቀጠር ተማሪ ፈተናው ሲደርስ ከሁለት አንዱን ይምረጥ ይባላል። መጠየቅ ያለበት በቅጥሩ ቀን ነው።

የግቢ ሥራ ቢኖር ኖሮ እነዚህ ሁሉ ችግሮች በአንድ ጊዜ ይቀሉ ነበር የሚባለው ለዚህ ነው። የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የፈተና ሰሌዳውን ከተማሪው እኩል ያውቀዋል፤ ሥራው ከክፍሉ የሚርቀው በደቂቃዎች ነው፤ ተያዥም አያስፈልግም፤ የተማሪው ሰነድ በሬጅስትራር አለ። ዛሬ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ለችግረኛ ተማሪ የሚደረገው ድጋፍ በአብዛኛው በሥርዓተ ፆታ ጽሕፈት ቤቶች፣ በተማሪዎች ኅብረትና በበጎ አድራጎት ክበባት በኩል የሚሰጥ ሲሆን፣ ደብተር፣ የንጽሕና መጠበቂያና የኪስ ገንዘብ ይገኝበታል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ የሚያካሂደው የነጻ ትምህርት ዕድል አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን በተለይ ማካተቱ የሚመሰገን ነው። እነዚህ ግን ስጦታዎች ናቸው፤ የሚደርሱትም ጥቂቶችን ነው። በ2015 ዓ.ም በወጣው የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ መሠረት በመጀመሪያ ራስ ገዝ የሆነው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና እሱን የሚከተሉት ተቋማት በአስተዳደርና በፋይናንስ የሚያገኙት ነጻነት፣ የኮምፒዩተር ክፍልን ማታ የሚጠብቅ፣ መጻሕፍትን ወደ መደርደሪያ የሚመልስ ወይም የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን የሚያስጠና ሰው ከችግረኛ ተማሪዎች መካከል ለመቅጠር በቂ መነሻ ነው። ችግረኝነትን ለማረጋገጥም አዲስ ተቋም አያስፈልግም፤ ወረዳዎች ለነጻ ሕክምናና ለሌሎች ድጋፎች የሚሰጡት የአቅም ማነስ ማስረጃ አሠራር አለ፤ ማጣራቱ ጥንቃቄ ይፈልግ ይሆናል እንጂ።

የግቢ ሥራ ሥርዓት ባለበት አገር እንኳ ሥራው ራሱ ተፈልጎ የሚገኝ መሆኑን ወደ አሜሪካ የሄዱ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልብ ሊሉት ይገባል። በዲቪ ሄዶ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ተማሪ የፌዴራሉን የዕርዳታ ቅጽ ሞልቶ ለግቢ ሥራ ብቁ ነህ ቢባልም፣ በደብዳቤው የተጻፈው ገንዘብ በእጁ የሚገባው ሥራ አመልክቶ፣ ተቀጥሮና ሰዓቱን ሠርቶ ብቻ ነው፤ በጀቱም ውስን ስለሆነ ዘግይቶ ያመለከተ ባዶ እጁን ይቀራል። የተመደበለትን ጣሪያ ያህል ከሠራም የመርሐ ግብሩ ክፍያ ይቆማል፣ በሚቀጥለው ዓመትም ቅጹን እንደገና መሙላት አለበት። በተማሪ ቪዛ የሄደ ወጣት ግን በዚህ መርሐ ግብር አይታቀፍም፤ የተፈቀደለት ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት የሚደርስ ተራ የግቢ ቅጥር ነው።

ለአገር ቤቱ ተማሪ አንድ ነገር ይቀራል፤ እሱም የሥራ ልምድ ወረቀቱ ነው። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተናን በ50 በመቶና ከዚያ በላይ ማለፍ ስላለበት፣ በመጨረሻው ዓመት የሥራ ሰዓትን መቀነስ ግድ ይሆናል፤ ብዙዎችም ለዓመታት የያዙትን ቤት ወይም ድርጅት የሚለቁት ያን ጊዜ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ መሠረት ከድርጅት የሚለቅ ሠራተኛ የሠራውን የሥራ ዓይነትና ዘመን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ የማግኘት መብት አለው፤ ሦስት ዓመት በጀሞ ያስጠና ተማሪ ግን ማኅተም ያለው ደብዳቤ የሚሰጠው የለም። ተመርቆ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ሲቆም ሥራዎቹ የሁለትና የሦስት ዓመት ልምድ ይጠይቁታል፤ ልምዱ አለው፣ ማስረጃው የለውም። በግቢው የኮምፒዩተር ክፍል ያንኑ ያህል ጊዜ ቢያገለግል ኖሮ የዩኒቨርሲቲው ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ከዲግሪው ጋር አብሮ ይወጣለት ነበር። የተቋማቱ የሰው ኃይል ክፍሎች ቢያንስ በበጎ ፈቃድ ለሚያስጠኑና በቤተ መጻሕፍት ለሚያግዙ ተማሪዎች ይህን ደብዳቤ መስጠት ከዛሬ ጀምሮ ይችላሉ፤ በጀት አይጠይቅምና።